ለክርስቲያን መጽሔቶች ጽፎ ክፍያ ማግኘት፦ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ የሚያሳፍረንን ነገር እንጨርስ። ስለ እምነት ጽፎ ገንዘብ መቀበል የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። የክፍያ ነገር ሊነሳ ሲል ቀድሜ «ኧረ ችግር የለም፣ ለአገልግሎት ነው» እል ነበር። መጽሔቱ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ ለዲዛይነር ይከፍላል፣ ለፖስታ ይከፍላል፤ እኔ በምስጋና ኢሜይል እሸኛለሁ። «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» የሚለው ቃል በአንደኛ ጢሞቴዎስ የገባው ግን በመስበክና በማስተማር ስለሚደክሙ ሰዎች ሲነገር ነው። በነፃ መስጠት ስትፈልጉ ስጡ። ለመጠየቅ አፍሮ በነፃ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ኤዲተሩ የሚገዛው እምነታችሁን አይደለም። የሚገዛው ለአንድ የታወቀ ገጽና ለአንድ የታወቀ አንባቢ ልክ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ከታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

1. የምትሸጡትን ለዩ

«ክርስቲያናዊ ጽሑፍ እጽፋለሁ» ብቻውን ምንም አይነግርም። ገበያው በዓይነት የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጥለዋል።

ለጀማሪ ከሁሉ ይልቅ ክፍት የሆነው በር የዕለት ጥሞና ነው። አንድ ጥቅስ፣ አንድ ትንሽ የሕይወት ገጠመኝ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሐሳብ፣ አጭር ጸሎት። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ቃል ቢሆን ነው። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው፣ መቀመጫው አሜሪካ ናሽቪል የሆነው «ዘ አፐር ሩም» የተሠራው በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ራሳቸው አንባቢዎቹ ናቸው፣ ከ30 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ይታተማል። የጥሞና ክፍያ በአብዛኛው ትንሽ ነው። ግን አሳጥሮ መጻፍን ያስተምራል፣ «ታትሜያለሁ» ለማለትም ያበቃል። አጭር ስለሆነ ቀላል አይምሰላችሁ። ብዙው የሚጣለው ገጠመኙ በጥቅሱ ላይ በግድ ስለተለጠፈ ነው። የቤት ቁልፍ ይጠፋባችኋል፣ ታገኙታላችሁ፣ ወዲያው ስለ ጠፋው በግ ትጽፋላችሁ። ኤዲተሩ ያንን ቁልፍ በወር ስንቴ እንደሚያገኘው አስቡት!

ቀጥሎ የምስክርነት ታሪክ አለ። አሜሪካዊው መጋቢ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1945 እ.ኤ.አ. ከጀመሩት ሰዎች አንዱ የሆነበት «ጋይድፖስትስ» የሚታወቀው በዚህ ነው፦ «እኔ» ተብሎ የሚተረክ እውነተኛ ታሪክ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ችግር፣ አንድ የተለወጠ ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የማያውቀው ነገር አለ። ታሪኩ የግድ የእናንተ መሆን የለበትም። የሌላ ሰው ታሪክ በፈቃዱ፣ ቃለ መጠይቅ አድርጋችሁ፣ በእሱ አንደበት ልትጽፉት ትችላላችሁ። የራሳችሁ ሕይወት ሁለትና ሦስት ጥሩ ታሪክ ቢኖረው ነው፤ የጎረቤቶቻችሁና የዘመዶቻችሁ ሕይወት ግን አያልቅም።

ረዘም ያለ ሐተታና ዘገባ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤቶቹ ሌሎች ናቸው። ቢሊ ግራሃም በ1956 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው «ክርስቲያኒቲ ቱዴይ» የወንጌላውያኑ ነው። «ዘ ክርስቲያን ሴንቸሪ» ወደ ዋናዎቹ አሮጌ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ያደላል። «አሜሪካ» በ1909 እ.ኤ.አ. የጀመረ፣ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መጽሔት ነው፤ «ኮመንዊል» በ1924 እ.ኤ.አ. ካህን ያልሆኑ ካቶሊኮች የጀመሩት። «ሶጆርነርስ» ከ1971 እ.ኤ.አ. ወዲህ እምነትንና ማኅበራዊ ፍትሕን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ነው። እነዚህን በአንድ ከረጢት ከታችሁ ያንኑ ጽሑፍ ለሁሉም ከላካችሁ ማንንም አታውቁም ማለት ነው፤ እነሱም ወዲያው ይነቁባችኋል።

የልጆች ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ» ለምሳሌ «ክለብሃውስ»ን ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ፣ «ክለብሃውስ ጁኒየር»ን ለታናናሾቹ ለይቶ ያዘጋጃል። ልጅ ስብከት ሲሸተው ገጹን ይገለብጣል። ታሪኩ ራሱ ይናገር፣ ችግሩንም የሚፈታው ልጁ እንጂ ድንገት የሚመጣ ጥበበኛ አጎት አይሁን።

ማንም የማያወራለት፣ ግን ሥራው የማይቋረጥ አንድ ዘርፍ አለ። የሰንበት ትምህርትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጽሑፍ። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ዴቪድ ሲ ኩክ»ና በ1891 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው «ላይፍዌይ» እንዲህ ያለ ጽሑፍ በብዛት ከሚያወጡት ውስጥ ናቸው። እዚህ ዘርፍ ውስጥ ሐሳብ ይዛችሁ አትሄዱም፤ የናሙና ትምህርት ትጽፋላችሁ፣ ከወደዱት ክፍሉ፣ ዕድሜው፣ የገጹ ብዛትና የማስረከቢያው ቀን ተቆርጦ ይሰጣችኋል። ስማችሁ አይገንንም። ቀን የሚያከብር ሰው ግን ደግሞ ይጠራል።

2. የሚከፍሉትን ፈልጉ

ዝም ብሎ ጎግል ላይ መፈለግ የቆዩና የሞቱ ዝርዝሮችን ያመጣላችኋል። ሦስት የተሻሉ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ለክርስቲያን ጸሐፊዎች ተብሎ እየታደሰ የሚወጣው የገበያ መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሔቶች፣ የጥሞና ኅትመቶች፣ አሳታሚዎች፣ ወኪሎች፣ የሚፈልጉት ርዝመትና የክፍያ ሁኔታ ተዘርዝሮ ይገኝበታል። አዲሱን እትም ያዙ፤ የድሮ እትም በዋጋ ቢረክስም ኤዲተሩ ተቀይሮ፣ መጽሔቱ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው የመጽሔት ማኅበራት ናቸው። የወንጌላውያን ፕሬስ ማኅበርና ቀድሞ የካቶሊክ ፕሬስ ማኅበር ይባል የነበረው፣ በ1911 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካቶሊክ ሚዲያ ማኅበር አሉ። የአባሎቻቸውን ዝርዝርና በየዓመቱ የሚሸልሟቸውን ተመልከቱ። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው የቤተ እምነት መጽሔቶች፣ የሚሲዮን ጋዜጦች፣ የሕክምና ባለሙያ ወይም የመምህራን ክርስቲያን ማኅበራት ኅትመቶች እዚያ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ላይ ሺህ ሰው ተሰልፏል። እነዚህኞቹ ጋ ደግሞ ጸሐፊ የቸገረው ኤዲተር አለ።

ሦስተኛው የጸሐፊዎች ጉባኤ ነው። ብዙዎቹ ላይ ከኤዲተር ጋር ፊት ለፊት ለጥቂት ደቂቃ የመነጋገር ቀጠሮ ይያዛል። ርካሽ አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ጽሑፍ አሳትማችሁ፣ የምታናግሩትንም ለይታችሁ ሂዱ።

አንድ ግልጽ ነገር ልናገር፦ በደንብ የሚከፍለው ገበያ በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው አፍ መፍቻችሁ ካልሆነ ከመላካችሁ በፊት ቋንቋው የቀናው ሰው ያንብብላችሁ። ያላችሁበት ሕይወት ከሌላው ጸሐፊ ሕይወት መለየቱ ግን ራሱ ሀብት ነው፤ ያንን ለማለስለስ አትሞክሩ።

3. መመሪያውን አንብቡ፣ ከዚያ መጽሔቱን ቁጠሩት

እያንዳንዱ ኅትመት ለጸሐፊዎች ያወጣው መመሪያ አለው። ድረ ገጹ ግርጌ ላይ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ «ሰብሚሽንስ» ወይም «ራይተርስ ጋይድላይንስ» የሚል ፈልጉ። ስታነቡ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ስንት ቃል? ሙሉ ጽሑፍ ነው ወይስ ሐሳብ ብቻ? የትኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም? የዓመቱ ርዕሶች ወጥተዋል? ለብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ መላክ ይፈቀዳል? በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ይቀበላሉ? ክፍያው መቼ ነው? ስለ ክፍያ ምንም የማይል መመሪያ ብዙውን ጊዜ የማይከፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት፣ ጠይቁ።

ከዚያ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። የመጽሔቱን ሦስት እትሞች ያዙ። መጀመሪያ ገጾች ላይ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አለ። አሁን የየጽሑፉን ጸሐፊ ስም ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም የውጭ ጸሐፊ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች የወጡት የትኛው ዓምድ ላይ ነው? የሽፋን ታሪኩን ሁልጊዜ ሠራተኛ ይጽፈው ይሆናል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አጭር ሐሳብ ግን በሦስቱም እትም ከውጭ መጥቷል። በሩ ያ ነው። አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከብዙ የእምቢታ ኢሜይልም ያድናል።

በዚያው አንባቢውን እዩት። ማስታወቂያዎቹ ለማን ናቸው? ለመጋቢዎች የጥናት መጽሐፍ ነው ወይስ ለእናቶች? «ቅዱስ ቁርባን» ይላሉ ወይስ «የጌታ እራት»? አንድ የተሳሳተ ቃል «ይህ ሰው የእኛን ቤት አያውቅም» ያሰኛል።

4. አጭሩን ሙሉውን ላኩ፣ ረጅሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ

ጥሞና፣ የልጆች ታሪክና ግጥም ተጽፎ ያልቅና ይላካል። ዘገባና ረጅም ሐተታ ሲሆን በአብዛኛው የሚፈልጉት የሐሳብ ደብዳቤ ነው፣ ማለትም «ይህን ልጻፍላችሁ?» የሚል አንድ ገጽ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ስለ ጸሎት ኃይል መጻፍ እፈልጋለሁ» ይላል። ይሄ ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ሐሳብ አይደለም። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በሌሊት ፈረቃ ለሚሠሩ ሰዎች እሁድ ጠዋት የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ብዙ አጥቢያዎች ግን በሳምንት ያላቸው የአምልኮ ሰዓት ያ ብቻ ነው። አንዲት ነርስ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛና አንድ ዳቦ ጋጋሪ አነጋግሬ እንዴት ኅብረት እንደሚያገኙ፣ ወይም መፈለግ እንዳቆሙ፣ በ1200 ቃል ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። መጨረሻው ላይ አንድ አጥቢያ ያለ ተጨማሪ ወጪ ልታደርጋቸው የምትችላቸው ሦስት ነገሮች ይኖራሉ። እኔም ለስድስት ዓመት የሌሊት ሠራተኛ ነበርኩ። ስለ ሥራና እምነት ለምታወጡት ዓምድ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በአራት ሳምንት ውስጥ አደርሳለሁ።»

አለቀ። ችግሩ አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ርዝመቱ አለ፣ ለምን እኔ እንደምጽፈው አለ፣ የሚገባበት ዓምድ አለ። «እግዚአብሔር ይህን እንድልክላችሁ ነግሮኛል» የሚለው የለም። እባካችሁ ይህን አትጻፉ። ኤዲተሩ «አይሆንም» ቢል ከማን ጋር እንደተጣላ ሊያውቅ ነው?

ስብከትም አትላኩ። የመጀመሪያ ዓመቴን ያጠፋሁት በዚህ ነው። በቃል የሰበክሁትን ሦስት ነጥብ ያለው ትምህርት ገልብጬ ታሪክ ብቻ ለሚያወጣ መጽሔት ላክሁ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ። መመሪያው ላይ «ስብከት አንቀበልም» የሚል በጉልህ ተጽፎ ነበር። አላነበብሁትም ነበር።

5. ቀን መቁጠሪያውን አስቀድሙ

መጽሔቶች ወራት ቀድመው ይሠራሉ። የገናና የትንሣኤ ጽሑፍ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት፣ አንዳንዱ ጋ ከዓመት በፊት መድረስ አለበት። በዓሉ ሲቃረብ ስሜት መጥቶ የጻፋችሁት ለዚያ ዓመት አይደርስም። ስለዚህ በዓሉ እንዳለፈ፣ ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ ጻፉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ላኩት። ብዙ ሰው ሲያልፍ ስለሚረሳው ሰልፉም ያጥራል።

6. ጥቅስና መዝሙር ላይ ተጠንቀቁ

መጽሐፍ ቅዱስ የቆየ ቃል ቢሆንም ዘመናዊ ትርጉሞቹ የቅጂ መብት አላቸው። «ኤን አይ ቪ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ለምሳሌ እስከ 500 ቁጥር ያለ ልዩ ፈቃድ መጥቀስ ይፈቅዳል፤ ጥቅሱ ግን አንድ ሙሉ የመጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍ መሆን፣ ወይም የጽሑፋችሁን 25 በመቶና ከዚያ በላይ መያዝ የለበትም። ለመጽሔት ጽሑፍ ይበቃል። ከየትኛው ትርጉም እንደወሰዳችሁ ግን ጻፉ፣ ከመላካችሁም በፊት ቃል በቃል አመሳክሩ፤ በቃላችን ያለው ጥቅስ ብዙ ጊዜ የሦስት ትርጉም ድብልቅ ነው።

የዘመኑ መዝሙር ግጥም ግን አንድ ስንኝም ቢሆን ያለ ፈቃድ አትጥቀሱ፤ ኤዲተሮች ወዲያው ነው የሚቆርጡት። በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው የድሮ መዝሙር ነፃ ነው።

7. ስለ መብትና ስለ ገንዘብ

እዚህ ትንሽ ታገሱኝ፣ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያ ኅትመት መብት ከሸጣችሁ መጽሔቱ ጽሑፉን ቀድሞ ያትመዋል፣ ከዚያ ጽሑፉ የእናንተ ነው። የድጋሚ ኅትመት መብት ማለት የታተመውን ለሌላ መሸጥ ነው። ሙሉ መብት ከሰጣችሁ ግን አለቀ፤ በሌላ ቦታ ልትጠቀሙበት ስትፈልጉ ፈቃድ ትለምናላችሁ። በአሜሪካ ሕግ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባለቤቱ አሳታሚው ነው፤ የሰንበት ትምህርት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ክፍያው ካረካችሁ ክፋት የለውም። የግል የሕይወት ታሪካችሁን ግን እንዲህ አትስጡ፣ አንድ ቀን መጽሐፍ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሲኒ የተባለ ጸሐፊና ሌሎች በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ጋዜጦች የፍሪላንስ (ተቀጣሪ ያልሆኑ) ጸሐፊዎችን ጽሑፍ ያለ ፈቃዳቸው ወደ ኤሌክትሮኒክ የመረጃ ቋት ማስገባት አልነበረባቸውም ብሎ 7 ለ 2 ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ውሎች የኤሌክትሮኒክ መብትን በግልጽ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «በማንኛውም መልክ፣ ለዘለዓለም» የሚል ሐረግ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። «የመጀመሪያ መብትና በድረ ገጻችሁ ላይ የማቆየት መብት ልስጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ውሉን ያዘጋጀው ጠበቃ እንጂ ኤዲተሩ አይደለም።

የድጋሚ ኅትመት ነገር ደግሞ የዚህ ገበያ ትልቁ ጸጋ ነው። የአንዱ ቤተ እምነት መጽሔት አንባቢ የሌላውን ብዙም አያነብም። ስለዚህ አንድ ጥሩ ታሪክ መጀመሪያ አንድ ቦታ ይወጣል፣ ከዓመት በኋላ ለሁለተኛው፣ ከዚያ ለሦስተኛው በአነስተኛ ክፍያ ይሸጣል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ የት፣ መቼ እንደታተመ ለአዲሱ ኤዲተር አስቀድሞ መናገር።

አሁን ስለ ጊዜው። «ሲጸድቅ እንከፍላለን» እና «ሲታተም እንከፍላለን» በጣም ይለያያሉ። አንድ ጽሑፌ ጸድቆ አሥራ አራት ወር ጠብቋል፤ ሊወጣ ሲል መጽሔቱ ራሱ ተዘጋ። ሳንቲም አላየሁም፤ ውሉ «ሲታተም» ይል ነበርና። ለታዘዘ ሥራ ከሆነ ቢሰረዝ የሚከፈል የተወሰነ ክፍያ እንዲኖር ጠይቁ።

መክፈያ መንገዱንም ከመጻፋችሁ በፊት እወቁ። ከአገር አገር የተላከ ቼክ ባንክ ሲቆርጥለት ከጥሞናው ክፍያ ምንም ላይተርፍ ይችላል። በባንክ ዝውውር፣ በፔይፓል፣ በዋይዝ ወይም በፔዮኒር ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ ነዋሪ ካልሆናችሁ ደብሊው-8 ቤን የሚባል የግብር ቅጽ ሊልኩላችሁ ይችላሉ፤ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

8. ላኩ፣ መዝግቡ፣ ተከታተሉ

ኤክሴል ክፈቱ። ርዕስ፣ የተላከበት ቦታ፣ ቀን፣ መልስ እሰጣለሁ ያሉበት ጊዜ፣ የሰጣችሁት መብት። አምስት ዓምድ ይበቃል። ብዙዎቹ አሁን በኢሜይል ወይም እንደ «ሰብሚታብል» ባለ ሥርዓት ይቀበላሉ። የተባለው ጊዜ ካለፈ ሁለት ሳምንት ጨምራችሁ አንዲት ትሕትና ያላት መስመር ጻፉ። ዝም ካሉ ጽሑፉን መልሳችሁ መውሰዳችሁን አሳውቁና ወደ ሌላ ላኩት። አንድ ጽሑፍ ልኮ በሩን እያዩ መቀመጥ ያሳምማል፤ ቢያንስ አምስት ስድስቱ መንገድ ላይ ይሁኑ።

እምቢታ ሲመጣ «ለእኛ አይስማማም» ብቻ ከሆነ ወደ ሚቀጥለው። «ይሄ አልሆነም፣ ሌላ ላኩልን» ካለ ግን እውነቱን ነው፣ ኤዲተር ለወግ ያህል ሥራ አይጨምርም። በዚያው ሳምንት ላኩ።

ከማን ትሸሻላችሁ? ገንዘብ ከሚጠይቃችሁ። «ታሪክህን በመድበላችን እናወጣለን፣ አንተ ሃምሳ ቅጂ ግዛ» የሚለው አሳታሚ ደንበኛው አንባቢው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ጥቅስና የጸሎት ቃል ቢበዛበትም ነገሩ ያው ነው። የመግቢያ ክፍያ ያለው ውድድር ሁሉ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ማን እንዳሸነፈ ካልተጻፈ እለፉት።

9. ከጸደቀ በኋላ

የታረመውን ረቂቅ ሲልኩላችሁ በደንብ አንብቡት። ለቋንቋው ተከራክራችሁ ጊዜ አታጥፉ። ትርጉም ከተቀየረ ግን ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር ፈውስ አልሰጠንም፣ ግን አልተወንም» ያልሁት «እግዚአብሔር በጊዜው ይፈውሳል» ሆኖ መጥቶልኝ ነበር። ታሪኳን የጻፍሁላት እናት ልጇን ቀብራለች። በአንድ ኢሜይል ተመለሰ፣ ኤዲተሯም ይቅርታ ጠየቀች።

ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች ስም፣ ቀኑንና የጥቅሱን ቁጥር ደግማችሁ አረጋግጡ። ክፍያ መጠየቂያ ደረሰኝ የሚፈልጉ ከሆነ በዚያው ቀን ላኩ። ጽሑፉ በወጣ ሳምንት ደግሞ ለዚያው ኤዲተር ሁለተኛ ሐሳብ ጻፉለት፤ በዚያ ሰዓት ስማችሁን ያውቀዋል፣ ቀን እንደምታከብሩም አይቷል፣ ባዶ ገጽም አይጠፋውም።